የወጣት ተጫዋች ሁለተኛ ውል
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ የያዘ ሰው ከደመወዙ ጋራ አንድ ያልተጻፈ ሹመት አለው፤ ይኸውም የዘመድ አዝማድ ሁሉ ወረቀት አንባቢ መሆን ነው። የእርሻ መሬት ኪራይ ቢሆን፤ የፍርድ ቤት መጥሪያ ቢሆን፤ የባንክ ብድር ቢሆን፤ «እስቲ ይህችን ተመልከትልኝ» ተብሎ የሚቀርበው ለእርሱ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በነዚህ ወረቀቶች ላይ አዲስ ዓይነት ተጨምሯል፤ እርሱም ለእግር ኳስ ክለብ የሚፈርም ወጣት የሚያመጣው ውል ነው። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ውል ነው፤ ይልቁንም ስለ መጀመሪያው ሳይሆን ስለ ሁለተኛው።

ሁለተኛውን የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። አንድ ልጅ በ18 ወይም በ19 ዓመቱ የመጀመሪያውን ውል ሲፈርም የሚሸጠው ተስፋውን ነው፤ ክለቡም የሚገዛው ተስፋ ነው። ስለዚህ ዋጋው አነስተኛ ቢሆን ማንም አይገረምም፤ ልጁም ቢሆን ስሙ ከቡድኑ ዝርዝር ውስጥ መግባቱን እንጂ ብሩን አይቆጥርም። ሁለተኛው ውል ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ልጁ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት በሜዳ ታይቷል፤ እግሩም ልቡም ተመዝኗል፤ ዕድሜውም ገና 21 ወይም 22 ስለሆነ በሜዳ የሚቀረው ዘመን ካለፈው ይበልጣል። ነገር ግን ያ የሚመጣው ዘመን አይታወቅም። ጉልበት የሚለው ቃላችን ኃይልንም የእግርንም መገጣጠሚያ እንደሚያመለክት ሁሉ፤ ያ ጉልበት ሊጨምርም ይችላል፤ ባንዲት ክፉ ቀን ሊሰበርም ይችላል። እንግዲህ የሁለተኛው ውል ጥያቄ «ስንት ብር?» የሚለው ብቻ አይደለም፤ «ያ የማይታወቀው ዘመን በማን ጫንቃ ላይ ይሁን?» የሚለውም ጭምር ነው። እንዲያውም ሁለተኛው ጥያቄ ከፊተኛው ይከብዳል።

ይህን ነገር ከኳስ ሜዳ ይልቅ የእርሻ ማሳ አጥርቶ ያስረዳል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ተጉዛችሁ፤ የጣርማ በርን ዋሻ አልፋችሁ ወደ ቆላው ስትወርዱ፤ ደብረ ሲናን፤ ሸዋ ሮቢትን፤ አጣዬን አልፋችሁ ካራቆሬ ትደርሳላችሁ። (ካራቆሬ በ1953 ዓ.ም. የደረሰው ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ስሟን በዓለም የሥነ ምድር መጻሕፍት ውስጥ ያስገባላት ከተማ ናት።) በዚያ በይፋት ቆላ ለአንድ መኸር ብቻ መሬት የተከራየ ሰው ማሾ ይዘራል፤ ማሾ ቶሎ ደርሶ ቶሎ የሚሸጥ ነውና። ማንጎ ግን አይተክልም፤ እርከንም አይሠራም፤ ፍሬውን የሚለቅመው፤ በእርከኑም የሚጠቀመው ሌላ ሰው መሆኑን ያውቃል። መሬቱን ለ10 ዓመት የተከራየው ግን ይተክላል፤ ያርማል፤ ውኃ ይመልሳል፤ በአንጻሩም ዝናም ቢጠፋ ኪራዩን ከመክፈል አያመልጥም። አከራዩም እንዲሁ ነው፤ በየዓመቱ የሚያከራይ ሰው ገበያው ሲወደድ ዋጋ ይጨምራል፤ ገበያው ሲረክስ ደግሞ ተከራይ አጥቶ መሬቱ ጦም ያድራል።

በተጫዋች ውል መሬቱ የልጁ አካል ነው፤ አከራዩም ልጁ ራሱ ነው፤ ተከራዩ ክለቡ ነው። ልዩነቱ፤ መሬት አንድ ዓመት ጦም ቢያድር ይታደሳል፤ የተጫዋች ዘመን ግን ባለፈ ቁጥር አይመለስም።

አጭርና ረጅም ሁለተኛ ውል ጎን ለጎን ቆመው የሚታዩበት ቦታ ብንፈልግ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚገልጠው ከኛ ሩቅ ያለ አንድ ጨዋታ ነው። እኛ በገና ሰሞን ቆልማማ ዱላ ይዘን ሩር እንደምንመታ፤ በካናዳና በአሜሪካም በበረዶ ላይ በስለት ጫማ እየተንሸራተቱ ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ የሚመቱበት ሆኪ የሚባል ጨዋታ አለ። በኛ የገና ሜዳ ጌታና ሎሌ እኩል ሆነው ይጋፋሉ፤ በዚያ በበረዶው ሜዳ ግን ሁሉም ነገር በውል ነው፤ የውሉም ዘመንና ገንዘብ ለሕዝብ ስለሚገለጥ ለማነጻጸር ይመቻል። ከዚህ በታች ስለ ሆኪ የማነሣቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አመለክታለሁ።

በ1917 የተመሠረተው የሰሜን አሜሪካ ብሔራዊ የሆኪ ሊግ 32 ቡድኖች አሉት። ከ18 እስከ 21 ዓመት ባለው ዕድሜ የመጀመሪያ ውሉን የሚፈርም ልጅ፤ የፈለገውን ያህል ዝና ቢኖረው፤ የሚፈርመው ለ3 ዓመት ነው፤ ደመወዙም ጣሪያ አለው። ሦስቱ ዓመት ሲያልቅ ልጁ በእጁ የሚቆጠር ሥራ ቢኖረውም ነፃ አይወጣም። ሌላ ቡድን ዋጋ ቢያቀርብለት ያሳደገው ቡድን ያንኑ ዋጋ ከፍሎ ሊያስቀረው መብት አለው፤ ቢለቀው ደግሞ እንደ ገንዘቡ መጠን ከወሳጁ ቡድን አዳዲስ ወጣቶችን የመምረጥ ተራ ይቀበላል። ልጁ በበኩሉ የቀረው መሣሪያ «አልፈርምም» ብሎ ቤቱ መቀመጥ ነው፤ ነገር ግን እስከ ዲሴምበር 1 ቀን ካልፈረመ ያን ዓመት ሙሉ በሊጉ መጫወት አይፈቀድለትም። በ2018 የቶሮንቶው ዊልያም ኒላንደር እስከዚያች ቀን ድረስ ከጨዋታ ርቆ ከቆየ በኋላ፤ ጊዜው ሊያልፍ ጥቂት ሲቀር ለ6 ዓመት ፈረመ። በገበያ ውስጥ እንዲህ ያለ ትዕግሥት የሚኖረው ሰው ጎተራው የሞላ ብቻ ነው፤ ወደዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ።

አሁን ሁለት ዓይነት ሁለተኛ ውል ጎን ለጎን እንመልከት። አንዱን እነርሱ ድልድይ ይሉታል፤ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ብቻ የሚዘልቅ፤ ልጁን ከመጀመሪያው ውል ወደ ትልቁ ውል የሚያሻግር ማለታቸው ነው። የሞንትሪያሉ ተከላካይ ፒ. ኬ. ሱባን በ2013 መጀመሪያ ላይ ለ2 ዓመት በ5 ሚሊዮን 750 ሺህ ዶላር ፈረመ። ቡድኑ ጠብቆ ማየትን መረጠ። ልጁም በዚያው የውድድር ዘመን የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ተብሎ ተሸለመ፤ በ2014 ኦገስት ወር ቡድኑ ለ8 ዓመት በ72 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። የታምፓ ቤዩ ኒኪታ ኩቸሮቭም በ2016 ለ3 ዓመት በ14 ሚሊዮን 300 ሺህ ዶላር ድልድዩን ተሻገረ፤ በ2018 ደግሞ ለ8 ዓመት የ76 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። የሚያስገርመው፤ አዲሱ ውል ሥራ ከመጀመሩ በፊት በቀረችው በድልድዩ የመጨረሻ ዓመት የሊጉ እጅግ ጠቃሚ ተጫዋች ተብሎ መመረጡ ነው። ስለዚህ በዚያች ዓመት ቡድኑ የሊጉን አውራ ከዋጋው በታች ይዞ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ረጅሙ ውል ነው። የኮሎራዶው ኔተን ማኪነን በ2016 ገና በ20 ዓመቱ ለ7 ዓመት በ44 ሚሊዮን 100 ሺህ ዶላር ፈረመ፤ በዓመት 6 ሚሊዮን 300 ሺህ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ከሊጉ ከፍተኛ ተጫዋቾች አንዱ ሆነ፤ በ2022 ቡድኑ ዋንጫውን ሲወስድ ደመወዙ ያው የ2016ቱ ነበር፤ በዚያው ዓመት የፈረመው ቀጣይ ውል ግን በዓመት 12 ሚሊዮን 600 ሺህ፤ ማለት የፊተኛው እጥፍ ሆነ። ብዙ ሰዎች ይህን ሲያዩ «ልጁ ተበላ» ይላሉ። እኔ ግን እንዲህ ለማለት አልደፍርም። ማኪነን በ20 ዓመቱ የሰባት ዓመት እንቅልፍ ገዝቷል፤ እንቅልፍም ዋጋ አለው። ቡድኑም በበኩሉ ልጁ ባያድግ ኖሮ ያን ሁሉ ገንዘብ መክፈሉ አይቀርለትም ነበር። የኤድመንተኑ ሊዮን ድራይሳይትል በ2017 ለ8 ዓመት በ68 ሚሊዮን ዶላር ሲፈርም ደግሞ «ለዚህ ልጅ ይህ ሁሉ!» ያሉ ጥቂቶች አልነበሩም፤ በ2020 ግን የሊጉ እጅግ ጠቃሚ ተጫዋች ተባለ፤ በ2024 ለሌላ 8 ዓመት 112 ሚሊዮን ዶላር ተፈረመለት። ውድ የተባለው ውል በአራተኛው ዓመት ርካሽ ሆኖ ተገኘ።

እነዚህ ሁሉ የቀናቸው ናቸው። የውልን ጠባይ የሚያሳየው ግን ያልቀናው ሰው ነው። የበፋሎው ኮዲ ሆጅሰን በ2013 ሴፕቴምበር ለ6 ዓመት በ25 ሚሊዮን 500 ሺህ ዶላር ፈረመ። ጨዋታው እንደታሰበው አልሆነም፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ በ2015 ቡድኑ ውሉን አፈረሰ። ነገር ግን ማፍረስ ማለት ማባረር አይደለም። በነርሱ የጋራ ስምምነት መሠረት ዕድሜው ከ26 በታች ለሆነ ተጫዋች ከቀረው ደመወዝ አንድ ሦስተኛው፤ ከዚያ በላይ ለሆነ ደግሞ ሁለት ሦስተኛው በየዓመቱ ተከፋፍሎ ይከፈለዋል። ሆጅሰን ብዙም ሳይቆይ በሕመም ምክንያት ከጨዋታው ወጣ። እንግዲህ አስቡት፤ ይህ ልጅ በየዓመቱ የሚታደስ ውል ቢኖረው ኖሮ፤ በታመመበት ዓመት በእጁ የሚቀረው አሮጌ ማሊያው ብቻ ነበር።

«ረጅም ውል ልጅን ያሰንፋል፤ የጠገበ አይሮጥም» የሚል መከራከሪያ አለ። አንዳንድ ጊዜ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ይህን ክርክር ብዙ ጊዜ የሚያነሣው ከፋዩ ነው፤ የቢሮ ሠራተኛውን ሁሉ በየዓመቱ አዲስ ውል እናስፈርመው ብንል ግን የሚወድ አይገኝም። ደግሞም ከኩቸሮቭ ታሪክ «አጭር ውል ይሻላል፤ በኋላ እጥፍ ያስከፍላል» የሚል ትምህርት የሚያወጣ ሰው አንድ ነገር ይዘነጋል። የኩቸሮቭ ድልድይ ራሱ 14 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ በሦስተኛው ዓመት ጉልበቱ ቢሰበር ኖሮም ዕድሜውን ሙሉ ያኖረዋል። ኒላንደርም ቤቱ ሊቀመጥ የቻለው ቤት ስላለው ነው። በአጭር ውል ዕድልን መሞከር ባለሀብት የሚችለው ጨዋታ ነው። ወርኃዊ ደመወዙን ለእናቱ ቤት ቆርቆሮ፤ ለታናናሾቹ የትምህርት ቤት ልብስ የሚያካፍል ልጅ ግን አጭር ውል ሲፈርም የሚያስይዘው ያለውን ሁሉ ነው።

ወደ እግር ኳስ ስንመጣ ሕጉ ከሆኪው በአንድ ትልቅ ነገር ይለያል። በ1995 ዲሴምበር የአውሮፓ ፍርድ ቤት በቤልጅጉ ተጫዋች በቦስማን ጉዳይ ከፈረደ ወዲህ፤ ውሉ ያለቀ ተጫዋች ነፃ ሰው ነው የሚለው ሥርዓት በዓለም ተስፋፋ። ያሳደገው ክለብ «ሌላው ያቀረበውን ከፍዬ ላስቀር» የማለት መብት የለውም። እርግጥ ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር ፊፋ ተጫዋችን ከ12 እስከ 21 ዓመቱ ላሠለጠኑ ክለቦች ካሣ የሚከፈልበትን ደንብ አውጥቷል፤ ውል ያለው ተጫዋች በገንዘብ ሲዘዋወርም ከዋጋው 5 በመቶ በልጅነቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ነገር ግን ክለቡ ልጁን ለመያዝ ያለው ዋና መሣሪያ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የመጀመሪያው ውል ሳያልቅ ተገቢውን ሁለተኛ ውል ማቅረብ ነው። ስለዚህ በእግር ኳስ ረጅም ሁለተኛ ውል ከልጁ ይልቅ ለክለቡ የሚያስፈልግ ነው ብል ማጋነን አይደለም።

ታዲያ በአገራችን ለምን ሁለተኛው ውል እንደ መጀመሪያው የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ሆኖ ይቀራል? ክረምት በገባ ቁጥር ቡድኑ ግማሽ በግማሽ ፈርሶ እንደገና ሲሠራ፤ ባለፈው ዓመት የደገፍነው አማካይ ዘንድሮ በተጋጣሚው ማሊያ ሲመጣ ማየት ለምዶብናል። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ለተጫዋች የወር ደመወዝ የ50,000 ብር ጣሪያ መወሰኑን ታስታውሳላችሁ። ክለቦች ከአቅማቸው በላይ ይከፍሉ ስለነበር ውሳኔው ምክንያት አልነበረውም አልልም። ነገር ግን ያ ጣሪያ የነካው ብሩን ነው፤ ዘመኑን አልነካም። ክለቡ ብሩ ሲወሰንበት በዘመን ሊወዳደር ይችል ነበር፤ «ያው ብር ነው፤ እኔ ግን ለ4 ዓመት አኖርሃለሁ» ማለት ይቻል ነበር። ይህ ሲለመድ አላየሁም።

ምክንያቱ፤ እንደሚመስለኝ፤ ለእናንተ ለመንግሥት ሠራተኞች ከማንም ይልቅ የቀረበ ነው። ብዙዎቹ ክለቦቻችን የከተማ አስተዳደሮችና የመንግሥት ድርጅቶች ንብረት ናቸው፤ ገንዘባቸውም ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 በሚቆጠር በጀት ይመጣል። በጀቱ በየዓመቱ በሚጸድቅበት ቤት፤ ለአራት ዓመት የሚያስገድድ ውል ለመፈረም ብዕር የሚያነሣ ሥራ አስኪያጅ አይገኝም፤ ቢያነሣም ከንቲባው ሲለወጥ የሚጠየቀው እርሱ ነው። እንግዲህ ተከራዩ ራሱ ለአንድ መኸር ብቻ የተከራየ ገበሬ ሆኗል፤ ማሾ እንጂ ማንጎ አይተክልም። ይህ የማይለወጥ ነገር እንዳልሆነ ደግሞ ከዚያው ከሊጉ እንማራለን፤ ሊጉ በ2013 ዓ.ም. የጨዋታዎቹን የቴሌቪዥን መብት ለሱፐር ስፖርት ሲሰጥ ውሉን ያደረገው ለ5 ዓመት ነበር። ጨዋታውን ለአምስት ዓመት የሸጠ ቤት፤ ተጫዋቹን ለአንድ ዓመት የሚይዝበት ምክንያት ምንድን ነው?

በዚያው በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር በአንድ የውድድር ዘመን 29 ጎል አግብቶ የሊጉን ታሪክ ለወጠ። ገና የ21 ዓመት ወጣት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተዛወረ፤ ለወጣት ኢትዮጵያዊ ትልቅ እርምጃ ነበር። ከዚያም ጉዳት ደርሶበት ለረጅም ጊዜ ከሜዳ ራቀ። ይህን የማነሣው ልጁን ለማዘን አይደለም፤ ጎበዝ ነው፤ ሥራውም ይመሰክርለታል። ነገር ግን በ29 ጎል ማግሥት ያለ ወጣትና በጉዳት ማግሥት ያለ ወጣት አንድ ሰው መሆኑን፤ በመካከላቸውም ያለው ጊዜ ምን ያህል አጭር መሆኑን ያሳየናል። ውል የሚጻፈው በፊተኛው ቀን ነው፤ የሚነበበው ግን በኋለኛው ቀን ነው።

ስለዚህ አንድ ቀን ከካራቆሬ ወይም ከሸዋ ሮቢት ሜዳ የተነሣ የእኅታችሁ ልጅ ሁለተኛ ውሉን ይዞ ከቢሯችሁ ቢመጣ፤ እባካችሁ መጀመሪያ የብሩን ቁጥር አትመልከቱ። መጀመሪያ ዘመኑን ተመልከቱ። በፊፋ ደንብ የተጫዋች ውል ከ5 ዓመት አይበልጥም፤ ዕድሜው ከ18 በታች ለሆነ ደግሞ ከ3 ዓመት አይበልጥም፤ በነዚህ ወሰኖች ውስጥ ዓመት መጨመር ብር ከመጨመር የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ቀጥሎ «ክለቡ ከፈለገ ለአንድ ዓመት ያራዝማል» የሚል ቃል መኖር አለመኖሩን ፈልጉ። ይህች አጭር ዐረፍተ ነገር ናት፤ ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው ገጽ ላይ ትገኛለች፤ ትርጓሜዋ ግን ልጁ ቢያድግ ክለቡ በርካሽ ያስቀረዋል፤ ቢወድቅ ይለቀዋል ማለት ነው። ያ የማይታወቅ ዘመን ከሁለቱም በኩል በልጁ ጫንቃ ላይ ወደቀ። የማራዘም መብት ይኑር ከተባለ ለሁለቱም ይሁን፤ ወይም ዋጋው ከአሁኑ ይጻፍ።

ስለ ጉዳትም ምን እንደተጻፈ እዩ፤ በጨዋታ ላይ ቢጎዳ ደመወዙ እስከ ውሉ መጨረሻ ይቀጥላል ወይ? ሐኪሙን ማን ይከፍላል? ዝም ያለ ውል ለደካማው ወገን ዝም ብሎ አያውቅም። ደመወዝ ሲዘገይ ደግሞ መፍትሔ አለ፤ ክለቡ ከሕግ ውጭ የሁለት ወር ደመወዝ ካልከፈለ፤ ተጫዋቹ በጽሑፍ አስጠንቅቆ ቢያንስ የ15 ቀን ጊዜ ከሰጠ በኋላ ውሉን በበቂ ምክንያት ሊያፈርስ እንደሚችል ፊፋ ከ2018 ጀምሮ ደንግጓል። በቃል ያስጠነቀቀ ሰው ግን እንዳላስጠነቀቀ ይቆጠራል፤ ስለ ደብዳቤና ስለ መዝገብ ቁጥር ለእናንተ አላስተምርም። በመጨረሻም የተጻፈው ብር ግብር ከመቆረጡ በፊት ይሁን በኋላ አረጋግጡ፤ ልጆች ከሁሉ ይልቅ የሚደነግጡት በመጀመሪያው የደመወዝ ቀን በዚህ ነው።

ስለ ፊርማውም አንድ ቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በጽሑፍ መደረግ ያለበት ውል በተዋዋዮቹ ፊርማና በሁለት ምስክሮች እንዲጸና በቁጥር 1727 ያዛል፤ ልጁ 18 ዓመት ካልሞላው ደግሞ አሳዳሪው መኖር አለበት። ከሆቴል አዳራሽ ውስጥ፤ ፎቶግራፍ አንሺ ቆሞ እየጠበቀ፤ ደላላው ብዕር እያቀበለ የሚፈረም ውል ቀድሞ ቤት ውስጥ የተነበበ መሆን አለበት። ወረቀቱን አንድ ሌሊት ለማሳደር የማይፈቅድ ክለብ ቢኖር፤ ያ ብቻውን ብዙ ነገር ይነግራችኋል።

አንድ ቀርቶኛል፤ እርሱም የቀን ነገር ነው። ውሉ ሊያልቅ 6 ወር ወይም ከዚያ ያነሰ የቀረው ተጫዋች ከሌላ ክለብ ጋራ ለቀጣዩ ዘመን በነፃነት መዋዋል ይችላል። የልጁ ውል ሰኔ 30 ቀን የሚያበቃ ከሆነ፤ ያ በር የሚከፈተው በታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ነው። ክለቡም ይህን ያውቃልና ብዙ ጊዜ «ና እንነጋገር» የሚለው በኅዳር ነው፤ ልጁ ገና ጎል በማግባት ላይ ሳለ፤ ሌላ የሚጠይቀው ሳይመጣ። በኅዳር መነጋገር ክፉ አይደለም፤ የቀረበው ዘመን ረጅም ከሆነ እንዲያውም ፈርሞ ማረፍ ይሻላል። አንድ ዓመት ብቻ ከቀረበ ግን ታኅሣሥን ይጠብቅ።